ቀጥቃጩ ያነበበው ወረቀት

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። «ማንበብ ማን አስተማረህ?» በተባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በራሴም በአገሬ ሰውም እስቃለሁ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አይደለም።

ከወረታ አለፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ የኔታ ዘንድ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። ትምህርታችን ጩኸት ነበር። የኔታ አለንጋቸውን ይዘው «በል!» ይላሉ፤ እኛ እንጮኻለን። ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ሳልተነፍስ እወርደው ነበር። ገጹን በቃሌ ስለያዝኩት ዓይኔ ወፍ እያየ አፌ ያነባል። የኔታም «ይህ ልጅ ብሩህ ነው» ይላሉ። ብሩህ! አንዲት ፊደል ከመሃል ነጥሎ ሰው ቢያሳየኝ፣ ከ«ሀ» ተነስቼ ካልቆጠርኩ አላውቃትም።

አንድ ጊዜ ክረምቱ ሲወጣ ለአጎቴ ከፍርድ ቤት ወረቀት መጣ። ሜዳውን የሚያጥለቀልቀው የክረምት ውሃ ሲሸሽ በሚገኘው የግጦሽ መሬት ከጎረቤት ጋር ይካሰስ ነበር። ዘመድ በተሰበሰበበት ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ።

«በል የኔ ሊቅ፣ አንብብልን።»

ጽሕፈቱን አየሁት። ዜማ የለው፣ መነሻ የለው። «አላውቅም» ከማለት መዋሸት ቀለለኝ።

«ቀጠሮው ለመስቀል ማግስት ተዛውሯል ይላል» አልኩ።

ታከለ የሚባል ቀጥቃጭ የአጎቴን ማረሻ ስሎ ሊያስረክብ ደጅ ቆሞ ነበር። ሰዎቻችን ማረሻውን ይፈልጉታል፤ እሱን ግን «ቡዳ ነው» እያሉ ከደጃፍ አያሳልፉትም።

«ጌታዬ፣ ካልከፋዎ እኔም ልየው» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ። አጎቴ ወረቀቱን ወረወረለት።

ታከለ ቀስ ብሎ አነበበ። «ለነገ ጧት ነው የሚል። ካልቀረቡ በሌሉበት ይፈረዳል።»

«ቀጥቃጭ ደግሞ ከየት ተምሮ!» አለች አክስቴ። አጎቴም አላመነም፤ ግን ፈራ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወረታ ወረደ። እውነትም ከሳሹ ቀድሞት ተቀምጧል። መሬቱ ያን ቀን ተረፈ።

እኔ ተደብቄ ታከለ ዘንድ ሄድኩ። ፊደል የለየው ወታደር ቤት፣ ከጓደኛው ነበር። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል ስሜን ጻፈ፤ ቀጥሎ የእናቴን፣ ቀጥሎ «ማረሻ»። ፊደሎቹን እያፈራረቀ ይጠይቀኛል። ከ«ሀ» መቁጠር ስጀምር ሳቀብኝ።

«ላምህን ከመንጋው ለመለየት ከዳር ጀምረህ ትቆጥራለህ? መልኳን እወቅ እንጂ!»

አልጮኽኩም፤ አልተገረፍኩም። በሁለት ወር ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ የማነብ ሆንኩ።

ቤተሰቤ «የየኔታ ድካም ፍሬ አፈራ» ብሎ ሙክት ላከላቸው። ለታከለ በቤታችን ጣሳ ውሃ የሰጠው እንኳ የለም።

ዛሬም ሕፃናት በቃላቸው የያዙትን ገጽ ሲጮኹት፣ ወላጅ «አነበበልኝ!» ብሎ ሲያጨበጭብ ሳይ እናደዳለሁ። ግን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የራሴ ነገር ነው። ሙክቱን ጎትቼ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የኔታ ራሴን ዳስሰው ሲመርቁኝ፣ እውነቱን እያወቅሁ «አሜን» አልኩ።