ነፃ ስልጠና

ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ የስፖርት አሰልጣኝ ልሁን ብዬ ተነሳሁ። ለኮርስ የምከፍለው ስላልነበረኝ ትምህርቱን ከስልኬ ቪዲዮ ነው የለቃቀምሁት። መለማመጃ ሰው ግን ያስፈልገኝ ነበር። «ነፃ ስልጠና፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት፣ ኳስ ሜዳ» ብዬ ጽፌ በየሻይ ቤቱና በሰሊጥ መጋዘኑ በር ላይ ለጠፍሁ።

ሦስት ቀን ለብቻዬ ዘለልሁ። አንድም ወጣት አልመጣም። ባጃጅ ነጂዎች እንኳ ሲያዩኝ ፍጥነት ይጨምራሉ። የዚህ አገር ሰው ስፖርት አይወድም ብዬ ተናደድሁ።

በአራተኛው ቀን አንዲት እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ። ቁጭ ብድግ ስል አብረውኝ ቁጭ ብድግ አሉ። እጄን ስዘረጋ ዘረጉ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ «እማማ፣ ይበቃዎታል፤ ይረፉ» አልኋቸው።

«ግዴለም፣ እችላለሁ» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔ ጌታ፣ ስንጨርስ ወዴት ነው የምትወስዱን?»

«የትም አልወስድዎትም፤ ወደ ቤትዎ ነው እንጂ።»

ነጠላቸውን ፈቱና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት።

«ልጄ ስልጠና ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። እሱ ያለበት ታደርሱኛላችሁ ብዬ ነበር።»