እንስራው ውስጥ የገቡት ዓሦች

በጃንሆይ ዘመን ነው። ልጄ አስቴር ጅማ ትማር ነበር። ወደ አገሩ የሚመለሰው ፈረንጅ አስተማሪዋ ትናንሽ ዓሦች ያሉበት የመስታወት ሣጥን ሰጥቷት አሰንዳቦ ወዳለው ቤታችን ይዛው መጣች። ብዙም ሳይቆይ መስታወቱን ቡናማ ዝልግልግ ነገር ሸፈነው።

እሁድ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቋት እንደሚመጡ ተነገረን።

«ይህን ቆሻሻ ይዘን ሰው አንቀበልም፤ ድፋው!» አለች ባለቤቴ።

አስቴር ሣጥኑ እንዳይደፋ አቀፈችው። ማግባትም አልፈለገችም፤ እኔ ግን ሽማግሌ አሳፍሬ አላውቅም።

እሁድ ጠዋት ሌላ ዕቃ ስላጣሁ ዓሦቹን ከነውሃቸው የመጠጥ ውሃ እንስራችን ውስጥ ጨመርኳቸው። መስታወቱን በቃጫ ፈትጌ፣ አጥርቼ፣ አዲስ ውሃ እንደሞላሁ ሽማግሌዎቹ ከሰዓታቸው ቀድመው ደረሱ። ከጓሮ የገባችው ባለቤቴ ምንም ሳታውቅ ከእንስራው በጣሳ ቀድታ ለትልቁ ሽማግሌ ሰጠቻቸው።

መንገዱ አስጠምቷቸዋል። ነገር ግን ወጉ ወግ ነውና ጣሳውን እንደያዙ፣ «በቀለ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ ሳትለን ውሃ አንቀምስም» አሉኝ።

ጣሳው ውስጥ ጅራት ሲወዛወዝ አየሁ። እሺ ካልኩ ሊጠጡት ነው።

«አልሰጥም። ትምህርቷን ትጨርሳለች» አልኩ።

ጣሳውን በንዴት መሬት ላይ አስቀመጡት። አስቴር ፈጥና አነሳችውና መስታወቱ ውስጥ ገለበጠችው። ዓሣው በጠራው ውሃ ውስጥ ሽው ብሎ ዞረ።

ሽማግሌው ዓይናቸው ፈጠጠ። «ይህንን ልታጠጡኝ ነበር?»

«እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ» አልኳቸው።