የመምህር አኒቶ መጻሕፍትና ቀበሮው

መምህር አኒቶ ሎዳሞ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሆሳዕና በሚገኘው ቤታቸው፣ እህታቸው አጠገባቸው እንዳሉ አረፉ። ሐሙስ ዕለት በተወለዱበት በሺንሺቾ ቀበርናቸው። ከሀደሮ፣ ከአዲሎና ከዱራሜ የመጡ ተማሪዎቻቸው መቃብሩን ከብበውት ነበር። ከሁሉም ራቅ ብለው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንድ ሰው ብቻቸውን ቆመው ነበር፤ የፖስታ ቤቱ አቶ ተሰማ ናቸው። ወንበር ያቀረበላቸው፣ እጃቸውን የጨበጠ አንድም ሰው አልነበረም። ለምን እንደሆነ የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል። እኔ ይህን የምጽፈው መምህሬን ለማስታወስ ነው። ስለ አቶ ተሰማ ሳልናገር ብቀር ግን መምህር አኒቶን ሁለተኛ ጊዜ እበድላቸዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናገር። እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ሰላምታ ያሳጠረብኝን ሰው ምን ሰምቶብኝ ይሆን እላለሁ፤ ያስረዘመውን ደግሞ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ባለቤቴ «አንተ እኮ ጥላህንም ወዴት ትሄዳለህ ብለህ ትጠይቃለህ» ትለኛለች። መምህር አኒቶ እንግሊዝኛና ታሪክ ሲያስተምሩኝም፣ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በአንድ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ከሆንኩ በኋላም፣ በዚሁ ዓይን ነበር የማያቸው።

የሚያጠራጥር ነገር አልጠፋም ነበር። አላገቡም። አይጠጡም። በየሁለት በየሦስት ወሩ ከለንደን በገመድ የታሰረ ጥቅል ይመጣላቸዋል። ጥቅሉ ሲፈታ የሚወጣው ቆዳው የተላጠ፣ ወረቀቱ የወየበ፣ እኔ ብሆን እሳት ላይ የምጥለው አሮጌ መጽሐፍ ነው። እሳቸው ግን ከመክፈታቸው በፊት በሁለት እጃቸው ወደ ፊታቸው አስጠግተው ያሸቱታል። መጻሕፍቱ ሁሉ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ፒዩሪታን ስለሚባሉት፣ ቤተ ክርስቲያናችን ትጥራ ብለው ከንጉሣቸው ጋር ተጣልተው፣ ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ስለ ሰፈሩት እንግሊዞች። የመጀመሪያውን መጽሐፍ የሰጧቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕቃቸውን ያራገፉ አንድ ሚሲዮናዊ ናቸው ይባላል። የቀረውን ከለንደን የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ጋር እየተጻጻፉ ራሳቸው ሰበሰቡት።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ የታተመ አዲስ እያለ አሮጌውን ለምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። «በአዲሱ ውስጥ ያፈሩበትን አውጥተውታል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «እነዚያ ሰዎች አገራቸውን ለምን ጥለው እንደሄዱ ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ። የደረሱበት መሬት ላይ ማን ያርስ እንደነበር ግን በአንዲት መስመር ነው የሚያልፉት። እኔ ያቺን መስመር ነው የምሰበስበው» አሉ። እውነትም በየመጽሐፉ ውስጥ የቀይ ሕንዶች ስም፣ የወንዝና የመንደር መጠሪያቸው በተገኘበት ሁሉ በእርሳስ ያሰምሩበት ነበር። እኔ ያን ቀን የሰማሁት «መሬት» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። መምህሩ በእንግሊዞች አሳብበው ስለ ሌላ መሬት ነው የሚያወሩት ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ደግነታቸውን እንኳ በጥርጣሬ ነበር የማየው። አንድ ክረምት ከሻሸመኔ ስንመለስ አውቶቡሱ አዲሎ አጠገብ ጭቃ ውስጥ ገባ። መምህር አኒቶ ካፖርታቸውን አውልቀው አንድ ነገር ጠቅልለውበት በሸሚዝ ተቀምጠዋል፤ ዝናቡ በመስኮቱ ይገባል። ምን ቢይዙ ነው እያልኩ ከኋላ አያለሁ። ሕፃን ያዘለች ሴት ከመንገድ ዳር እየተንቀጠቀጠች ስትወጣ፣ ጥቅሉን ፈቱትና መጽሐፉን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱ፤ ካፖርቱን ለሕፃኑ አለበሱት። «ጋሼ፣ መጽሐፉ ይረጥብ የለ?» አለቻቸው በካምባትኛ። «እሱ ሁለት መቶ ዓመት ኖሯል፣ የኔ እህት። ይሄ ገና መኖሩ ነው» ብለው መለሱላት። አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መጽሐፉን ሸሚዝ ውስጥ የደበቁት ርዕሱ እንዳይታይ ነው ብዬ ገመትኩ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ።

የቢሮአችንን ፖስታ ከፖስታ ቤት የማመጣው እኔ ነበርኩ። አንድ ሰኞ ከለንደን ለመምህር አኒቶ የተላከ ደብዳቤ በስሕተት ከእኛ ፖስታ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። መመለስ ነበረብኝ። ከፈትኩት። ማንም አላዘዘኝም። ቁጭ ብዬም፣ እሳቸው ራሳቸው ባስተማሩኝ እንግሊዝኛ፣ እሳቸው ራሳቸው ባስተካከሉት የእጅ ጽሕፈት፣ ወደ አማርኛ መለስኩት። የጻፍኩት ይህ ነበር፦

«ስለ ቅኝ ግዛቱ የመጀመሪያ ሰፋሪዎች የጠየቁትን አግኝተናል። ቦርዶቹ ተገንጥለዋል። በመጠኑም ቀበሮ ገብቶበታል። ካርታው የለም። ቃልዎን እስክንሰማ ድረስ ይዘን እንጠብቃለን።»

አንባቢ ይፍረደኝ። ያ ጊዜ «መገንጠል» የሚለው ቃል በየቢሮው በሹክሹክታ ብቻ የሚነገርበት ጊዜ ነበር። ወረቀቱን ከአለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስማ፣ ይሄ ቀበሮ የተባለው ማን ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ጌታዬ።»

«ቦርዱስ? የየትኛው ማኅበር ቦርድ ነው? ከማን ነው የተገነጠለው?»

«አልተጻፈም፣ ጌታዬ።»

«እንዴት ይጻፍ! ብልሆች ናቸው» አሉና ስልኩን አነሡ።

መምህር አኒቶን በማግስቱ ከክፍል አስወጧቸው፤ ጠመኔው በእጃቸው እንዳለ ነው የሄዱት። አርባ አንድ መጻሕፍታቸው በጆንያ ታስረው ተወሰዱ። አምስት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ምንም ስላልተገኘባቸው ተለቀቁ፤ ነገር ግን ወደ ሀደሮ ተዛውረው እዚያ ሁለት ዓመት አስተማሩ። ከመጻሕፍቱ የተመለሱት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። የቀሩትን አይጥና ዝናብ ጨረሳቸው።

ከተማው ጆሮ ጠቢውን ለማግኘት አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ያስያዛቸው ደብዳቤ ነው ተባለ፤ ደብዳቤው ያለፈው በማን እጅ ነው? በአቶ ተሰማ። ተሰማ ማን ናቸው? ከሰሜን የመጡ፣ በሥላሴ ስም የሚምሉ፣ የመንግሥት ሰው። «ያ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ነው የበላቸው» ተባለ፣ አለቀ። ሰው ደብዳቤውን እስከ ዱራሜ ሄዶ መላክ ጀመረ። ልጃቸውን ያጨው ቤተሰብ ሽማግሌዎቹን መልሶ ጠራ። ያን ሲያወሩ እኔም በመካከላቸው ተቀምጬ ነበር። «ይገርማል» አልኩ።

መምህር አኒቶ ተመልሰው ሆሳዕና ሲገቡ «ተሰማ አይደለም» አሉ። «ታዲያ ማን ነው?» ሲባሉ ዝም አሉ። ከተማውም፣ ፈርተው ነው አለ።

እኔንም አስጠሩኝ። ሄድኩ። «ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ከነጋዴዎቹ የሚመጣልኝን የመጻሕፍት ዝርዝር አብረኸኝ ታነባለህ» አሉኝ። ሊይዙኝ ነው አልኩ። መጀመሪያ የገለጡልኝ የአሮጌ መጽሐፍ ገጽ ቡናማ ነጠብጣብ የፈሰሰበት ነበር። «የመጻሕፍት ነጋዴዎች ይሄን ‹ፎክስድ› ይሉታል። ወረቀቱ ሲያረጅ የሚያወጣው ጠቃጠቆ ነው። ቀበሮ አይደለም» አሉ። ከዚያም ሽፋኑ ከጀርባው የተላቀቀ መጽሐፍ አንሥተው፣ «ነጋዴዎቹ ‹ቦርድ› የሚሉት ይሄን ሽፋን ነው፤ ሲላቀቅ አማርኛው ‹ገበታው ለቀቀ› ይለዋል። ቃሉን የነገረኝ ተሰማ ነው፤ አባቱ መጽሐፍ ደጓሽ ነበሩ። የሚሲዮን ልጅ የገዛውን የደብተራ ልጅ ይሰፋለታል» ብለው ሳቁ። ለካ መጻሕፍቱን በመርፌና በጅማት ሲጠግኑላቸው የኖሩት አቶ ተሰማ ነበሩ።

እሳቸው ሲስቁ እኔ እጠራጠር ጀመር። ‹ቀበሮ› ያሉት አውቀው ነው? ወይስ መርማሪዎቹ ጠይቀዋቸው? ስምንት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ሄድኩ፤ ስምንት ዓመት ፊታቸውን አጠናሁ። በሳምንቱ መካከል ደግሞ በፖስታ ቤቱ መስኮት አቶ ተሰማ «እንደምን ሰነበትክ፣ ቤተሰብ ደኅና?» እያሉ ፖስታዬን ይሰጡኛል። ይሄ ሰውዬ የሚስቅልኝ ምን አስቦ ነው እያልኩ እቀበላለሁ።

ከማረፋቸው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እህታቸው ትራሱን ከፍ አድርገውላቸው ከወጡ በኋላ፣ «በሩን ዝጋው» አሉኝ።

«መርማሪዎቹ ያን ትርጉም ፊቴ ሲዘረጉት ጽሕፈትህን አወቅሁት። የፊደልህን እግር ያረምኩት እኔ አይደለሁም?»

መሬት መሬት አየሁ። «ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጋሼ…»

«ብነግርህ መምጣትህን ታቆም ነበር። ስለ እነዚህ መጻሕፍት የማወራው ሌላ ሰው አልነበረኝም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እኔን ተወኝ። ያንተን ስም ላለመጥራት ስል የተሰማ ስም ሲጠፋ ዝም አልኩ። አንተ በድለኸኛል፤ እኔ ደግሞ እሱን በድያለሁ። ስሙን መልስለት።»

«አቶ ተሰማ ያውቃሉ?»

«ሀደሮ ሳለሁ መጥቶ ሲጠይቀኝ ነግሬዋለሁ። ‹ልጁ ሲደርስበት ራሱ ይናገር› አለኝ።»

ጋሼ አኒቶ፣ ሦስት ሳምንት ሰጥተውኝ ነበር። እሁድ ይሻላል አልኩ፤ እሁድ ሲመጣ ሰው ይበዛል አልኩ። ሐሙስ ዕለት መቃብርዎ አጠገብ ቆሜ እንኳ፣ ሄጄ ከአቶ ተሰማ ጎን መቆም አቃተኝ፤ ሰው ምን ይላል ብዬ። በሰው ደግነት ውስጥ ክፋት ስፈልግ ኖሬ፣ ክፋቱ ከእኔ ጋር እንደነበረ እርስዎ አወቁ፤ አውቀውም በርዎን ከፈቱልኝ። በጣም አፍራለሁ ጋሼ። ቅዳሜ ይናፍቀኛል።

የሆሳዕና፣ የሺንሺቾና የሀደሮ ሰዎች ሆይ ስሙልኝ፦ ደብዳቤውን ከፍቶ፣ አጣምሞ ተርጉሞ፣ ለአለቃው የሰጠው አቶ ተሰማ አይደሉም።

እንግዲህ ጋሼ፣ በሰላም ይሂዱ፤ ከዚህ በኋላ ስለ እኔ ዝም ማለት የለብዎትም። ደብቀው ያቆዩልኝን ስም ዛሬ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።

ሄራሞ ላንቃሞ