ወርቁን ለመሸኘት ወደ ደሴቷ

አርብ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ቦሌ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ወጣን። ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ኮረኮንች ጭር ብሏል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ሞተር ያጓራል። አብራኝ ያለችው ብርቄ ናት፤ የጎረቤቴ የወርቁ እህት። ወርቁ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነበር። በአንድ ግቢ፣ አንድ የጭቃ ግድግዳ ለይቶን አራት ዓመት ኖረናል። ታጣቂዎች ከወሰዱት ሁለት ዓመት ሆነው። ሞቷል ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም።

ብርቄ ባለፈው ሳምንት ከዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ካንዷ መጥታ በሬን አንኳኳች። የደሴቷን ስም አልጽፍም።

«እናቴ ሬሳውን ሳላይ ወይ ድምፁን ሳልሰማ ተዝካር አላወጣም ብላለች» አለችኝ። «ወርቁ ደግሞ ያገራችንን ዜማ ጎረቤቴ በዋሽንት ይነፋዋል ብሎ ጽፎልን ነበር። መጥተህ ንፋላት።»

በዚህ ዘመን ለእንዲህ ያለ ሰው ለቅሶ እሄዳለሁ ተብሎ ቀበሌ አይኬድም። የታመመች አክስቴን ልጠይቅ ብዬ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፤ ሞጆ ኬላ

ሁላችንም ከአውቶቡሱ ወረድን። አንድ ወጣት ወታደር ሻንጣዬን በርብሮ ዋሽንቴን አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዋሽንት።»

«እስቲ ንፋው።»

ያገኘሁትን የሠርግ ዘፈን ነፋሁ። ወታደሩ በጫማው ምት ይመታል። ተሳፋሪው በሙሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ፣ ያጨበጭባል። አንድም የሚስቅ ፊት ግን አላየሁም። «ሂዱ» ሲለን እጃቸውን ያቆሙት ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው።

ስምንት ሰዓት፤ ዝዋይ

መቂ ላይ በስሙኒ የገዛነውን ቲማቲም በዳቦ እየበላን ሐይቁ ዳር ደረስን። ውሃው የሻይ መልክ አለው፤ ዝንብ የሚያክል ሞገድ የለውም። ቀዛፊው ጋሽ ለማ የሚባሉ ጥርሳቸው የሳሳ ሽማግሌ ናቸው። ታንኳቸው ከቄጠማ የታሰረች ናት። እኔን ከፊት፣ ብርቄን ከኋላ አስቀመጡን።

«መሃሉ ክፍት ይሁን» አሉ።

ጥቂት እንደቀዘፉ ቆም ብለው ወደ ውሃው አዩ። «ታንኳዋን ዛሬ ምን አከበዳት?» አሉ፣ ለራሳቸው።

ጣቴን ላፍታታ ብዬ ዋሽንቱን ሳወጣ እጃቸውን ዘረጉ። «ውሃ ላይ አይነፋም፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«የተጠራውም ያልተጠራውም ይመጣል።»

አሥር ሰዓት ተኩል፤ ደሴቷ

መንደሩ በሙሉ ዳርቻው ላይ ቆሟል። ሰላምታ የለም። ሁሉም በትከሻዬ ላይ አሻግረው ከኋላዬ ያያሉ። ዞርኩ። ውሃ ብቻ ነው።

«አትዙር» አለችኝ ብርቄ፣ ክንዴን ይዛ። «ካገር ወጥቶ የቀረ ሰው ከእንግዳ ጋር ይመጣል ስለሚባል ነው። ይጠብቁታል።»

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። በርጩማ ላይ የወርቁ ኮት ተቀምጧል። እናቱ እማማ ጥሩነሽ ትይዩ ተቀምጠዋል፤ ሰው ሁሉ ከል ለብሶ እሳቸው ብቻ ነጭ በነጭ ናቸው።

ነፋሁ። ሴቶቹ በቋንቋቸው ተቀበሉኝ። ቃሉ አይገባኝም፤ ዜማውን ግን ከወርቁ አፍ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ወደ መጨረሻው፣ ዝቅ እያለ ወደሚወርደው፣ ስገባ ድምፃቸው አንድ በአንድ ጠፋ። ብቻዬን ቀረሁ። ከማዶው ቋጥኝ የራሴ ዋሽንት ይመልስልኛል፤ ዘግየት ብሎ፣ ሌላ ሰው የሚነፋው ይመስል።

እማማ ጥሩነሽ ተነሡ። «ይቺን የመጨረሻዋን ማን አስተማረህ?»

«ወርቁ ነው፣ እማማ። አስተማረኝ እንኳ አይባልም፤ በግድግዳው ሰምቼ ነው። ከመወሰዱ በፊት ሳምንቱን ሙሉ ያንጎራጉራት ነበር።»

ብርቄ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ይቺ መቃብር ለሌለው ሰው ብቻ ናት» አለች። «በዋዛ አናወጣትም። ወርቁም የሰማት አንዴ ብቻ ነው፤ አባታችን ሐይቁ ላይ የቀረ ጊዜ።»

ለካ ወርቁ ከግድግዳው ማዶ የገዛ ራሱን ለቅሶ ይደርስ ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ ዜማ አገኘሁ ብዬ፣ ደስ ብሎኝ፣ ከወዲህ አጅበው ነበር።

እማማ ጥሩነሽ ኮቱን አንሥተው ደረታቸው ላይ አደረጉት። ነጩን ነጠላ ከትከሻቸው አውርደው፣ «ከሌን አምጡልኝ» አሉ። ያን ጊዜ ነው ደሴቷ የጮኸችው። ቄሱ ፍትሐት አደረሱ፤ ንፍሮና የዓሣ ወጥ ቀረበ፤ ለወርቁ በስሙ «ነፍስ ይማር» ተባለለት።

እሑድ፣ ጠዋት

እማማ ጥሩነሽ እስከ ታንኳዋ ሸኙኝ። ብርቄ አብራኝ አትመለስም። ልሳፈር ስል የእጄን አንጓ ያዙኝ።

«ሲወስዱት አይተሃል?»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። «አይቻለሁ፣ እማማ። በበሬ ቀዳዳ። እጁን የፊጥኝ አስረውት በደጄ ሲያልፍ ቀና ብሎ ወደ በሬ አየ። ፈራሁ። አልወጣሁም።»

እጃቸው ሻካራና እርጥብ ነው፤ አልለቀቁኝም።

«ብትወጣ ኖሮ» አሉ በመጨረሻ፣ «መሞቱን ማን ይነግረኝ ነበር?»

ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ውሃው ውስጥ ገቡና ታንኳዋን በገዛ እጃቸው ገፉልኝ።