ያልተጠየቀው አስተርጓሚ

ይገዙ በደርግ ዘመን ናይሮቢ ለሚገቡ ስደተኞች አስተርጓሚ ነበር። ዘኪያ ለምትባል ስደተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቦታ አስተረጎመላት። ፓርክላንድስ ሰፈር ባለ ክሊኒክ ባሏ ክንዷን እንደሰበረው፣ ፖሊስ ጣቢያ ደግሞ ሸሽታው እንደወጣች ተናገረላት። ዌስትላንድስ ሰፈር ያለው የስደተኞች እርዳታ ድርጅት ግን ስለ ድብደባው አልጠየቀም። የድርጅቱ ጸሐፊ ዘኪያ የተሸሸገችበትን አዲስ አድራሻ ተቀብላ በባልየው ስም በተከፈተው የቤተሰብ ፋይል ላይ ጻፈችው። ባልየው በመጣ ቁጥር ፋይሉን እንደሚያሳዩት ይገዙ ያውቃል። አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም ብሎ ዝም አለ።

በአሥረኛው ቀን ዘኪያ ፊቷ አብጦ ወደ ድርጅቱ መጣች።

«ጋሽ ይገዙ፣ ለባሌ ቤቴን ማን ነገረው? ክሊኒኩ ነው ፖሊሱ?»

«እነሱማ እርስ በርስ አይነጋገሩም።»

«ታዲያ የሁሉንም የሚያውቅ ማነው?»

ይገዙ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ። አድራሻሽ በባልሽ ፋይል ላይ ሲጻፍ እያየሁ ዝም አልኩ።»

«ለሦስት መሥሪያ ቤት ምላስዎን ሲያውሱ ለእኔ አንድ ቃል አጡ?»

ይገዙ ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በክሊኒኩና በፖሊስ ጣቢያው የሰማውን ሁሉ ዘረገፈ። ዘኪያ በዚያው ዕለት የራሷ ፋይል ተከፈተላት፤ መጠለያም ተፈለገላት። እሷ ግን ሌላ አስተርጓሚ እንዲመደብላት ጠየቀች። ጥያቄዋን ለጸሐፊዋ የተረጎመው ይገዙ ራሱ ነበር።