ነውር ያልኩት አክታ

መጀመሪያ የመጣው ሳል አልነበረም፤ ላብ ነበር። ስነቃ ትራሴ ርሶ አገኘዋለሁ። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝና የሥራ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ሳሉ ሲከተል ደግሞ ብርድ ነው አልኩ። ሰበብ መቼ አጥቼ!

ሳሉ አልለቅ ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ትንሽ ዕቃ ሰጥተው አክታ አምጪ አሉኝ። እናቴ በሰው ፊት ጉሮሮ መጥረግን እንደ ስድብ የምትቆጥር ሴት ናት። ቂርቆስ ያለው ግቢያችን ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው፤ አንዱ ሲያነጥስ ከወዲያኛው ቤት "ይማርህ" ይባላል። እኔም እንደ ጨዋ ልጅ ምራቄን ጠብ አድርጌ ሰጠሁ። ቲቢ አልተገኘም ተባለ። ራጅ ሲታይ ግን ሳንባዬ ተነክቷል። የተለመደውን የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩ።

አልተሻለኝም። ቀሚሴ ሰፋኝ። ደም ተፋሁ። አጠገቤ የምትተኛውን ትንሿን ልጄን ቤዛን ወደ እናቴ አልጋ አዛወርኳት። አስይዣት ከሆነስ? ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

እንደገና ናሙና ሰጠሁ። ላቦራቶሪው መለሰው።

"ይሄ ምራቅ ነው" አለችኝ ሐኪሟ። "ከደረትሽ የሚወጣውን ካላገኘን ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶት እንደሆነ በምን እናውቃለን? ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ፣ አፍሽን ተጉመጥምጠሽ፣ ደጅ ላይ በደንብ ስለሽ አውጪው።"

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ጥግ ብቻዬን ቆምኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ተነስቷል። አፈርኩ። እናቴ ከበራፉ ሆና አየችኝ፤ ገባችና ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

"እትዬ ዘነቡ፣ ምነው በጠዋቱ? ሠርግ አለ እንዴ?" አለች ጎረቤታችን ከድጃ።

"አለ፤ ትጠሪያለሽ!" አለቻትና ወደ እኔ ዞረች። "አውጪው ልጄ። ነውሩ በእኔ ይሁን።"

አወጣሁት።

ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ቲቢውን አገኘው፤ ሪፋምፒሲን የተባለው ዋናው መድኃኒት እንደማይገድለውም አሳየ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነበር። ክኒኑ ተቀየረ። እናቴና ቤዛም ተመረመሩ። ነጻ ናቸው። የጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አዲሱ መድኃኒት እግሬን ቢያደነዝዘኝም፣ ምግብ ቢያስጠላኝም፣ ቀስ በቀስ ሳሉ ራቀኝ፤ መጀመሪያ እስከ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን፣ በኋላም ትንፋሽ ሳያጥረኝ እስከ ካዛንቺስ በእግሬ መሄድ ቻልኩ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ አፈርኩ እንጂ አልደበቅኩም፤ በሽታው ግን ልዩነቱን አያውቅም። እናንተም ዕቃው ሲሰጣችሁ አትፈሩ፤ ከሥር አውጡት። መድኃኒቱ ካላሻላችሁም ዝም አትበሉ፣ መላመዱ ይመርመርልኝ በሉ። ምራቄን አልቀበልም ያለውን የላቦራቶሪ ባለሙያ ስሙን እንኳ አላውቀውም፤ እድሜ ይስጠው።

ሕክምናዬን ጨርሼ የመጨረሻው ምርመራ ንጹሕ መሆኑ የተነገረኝ ዕለት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የከድጃን በር አንኳኳች።

"ነይ እንጂ" አለቻት፤ "ሠርጉ ዛሬ ነው።"