ጠብቆ የሚነበብ መስመር

ማስታወቂያው ከማተሚያ ቤት የወጣው ማክሰኞ ነው። እስከ ረቡዕ ጠዋት ድረስ ደስተኛ ሰው ነበርኩ። ደስታ ብዙ ስለማይበረክትልኝ ልብ ብዬ አስታውሰዋለሁ።

ሐይቅ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ፣ ግጥም እጽፋለሁ። ከዚህ ሌላ፣ ማንም ሳይሾመኝ፣ ሰው እሰበስባለሁ። ከጦርነቱ በፊት ትንሽ ማኅበር አቋቁመን በወር አንድ ቀን መንዙማ የሚያወጡትን፣ ቅኔ የሚቀኙትን፣ አምባሰል የሚያዜሙትንና እንደኔ ወረቀት ይዘው የሚንቀጠቀጡትን አንድ አዳራሽ ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ቀረ። ካለፈ በኋላም ሰዉ እርስ በርሱ አልተጣላም፤ ግን ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ በሩን መዝጋት ለመደ። እኔም ለመድኩ። ቅዳሜ ውጫሌ ላይ እንሰብሰብ ያልነው ይሄ ልማድ ሳይጠናብን ነው።

እንግዶቻችን ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው በሐይቅ እስጢፋኖስ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ መሪጌታ ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ሁለተኛው ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱ ሸህ ናቸው፤ መንዙማ ሲያወጡ የሚያስነጥሰው እንኳ ይታገሳል። ድሮ በየሰርጉና በየለቅሶው ይገናኙ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ግን አልተያዩም። እነሱ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ የእኔ ግጥም ብቻውን የትም እንደማይደርስ አውቃለሁ።

ግጥሙ ስለ ቆዳ ነው። እኛ ዘንድ ድግስ ሲኖር ሁለት በሬ ይጣላል። አንዱን ክርስቲያን ያርደዋል፣ አንዱን እስላም፤ ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ነው። በዚህ የሚቀየም የለም። ሥጋውን «ማን አረደው?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው የለም፤ ቆዳውን ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም። ነጋዴው ደራርቦ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይወጠርበት የመንዙማ ድቤ፣ ማን ያውቃል? ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ሥጋው ቢለያይም ቆዳ አንድ ይላሉ፣
ከበሮና ድቤ አብረው ይመታሉ።

ማተሚያ ቤት ያለው ልጅ ጎላ ብሎ እንዲታይ አንዱን መስመር ብቻ ምረጪ አለኝ። ሁለተኛውን መረጥኩ። ለስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ «በአማርኛ ሲነበብ የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል አለ፣ ጽሑፉ ግን አይለየውም፣ ተጠንቀቁ» ያልኩ መምህርት፣ ቆዳውን ቆርጬ ጥዬ «ከበሮና ድቤ አብረው ይመታሉ» የሚል ወረቀት በሐይቅና በውጫሌ ግድግዳ ላይ አስለጠፍኩ።

ረቡዕ ጠዋት ከውጫሌ የማኅበራችን አባል ደወለችልኝ። መናኸሪያው አካባቢ ሰዎች ወረቀቱን ከበው እያነበቡት ነው አለችኝ። ሰው አነበበልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ አንዱ «መ»ን አላልቶ እንዳነበበው ነገረችኝ። ከበሮና ድቤ ተባብረው ሊመቱ ነው፤ ማንን ነው የሚመቱት? ሌላው አጥብቆ አንብቦታል፤ ግን የከበሮ ምት ሳይሆን ሌላ ምት ነው የታየው። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በአንድ ቀን ሊመቱ ነው ብሏል። ወረቀቱን ፎቶ ያነሳም አለ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹን የፈቀደልን ቢሮ ኃላፊ ደወሉና በማግስቱ ማስታወቂያውን ይዤ እንድመጣ በትሕትና ነገሩኝ። ትሕትናቸው ነው ያስፈራኝ።

ሐሙስ ሚኒባስ ውስጥ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ መስመሩን በልቤ ስደጋግም ሄድኩ። አጥብቂ፣ አጥብቂ እያልኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ የምጸልይ መስሏቸው ነው መሰለኝ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

ኃላፊው እንቅልፍ ያጡ የሚመስሉ ሰው ናቸው። አልተቆጡኝም። ክፉ እንዳላሰብኩ እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን በዚህ ጊዜ አንድ ቃል ምን እንደሚያመጣ እኔም እንደማላጣው ነገሩኝ። ስለ በሬው፣ ስለ ቆዳው፣ ስለሚጠብቅና ስለሚላላ ፊደል አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«እስቲ እርስዎ ያንብቡልኝ» አሉ።

አነበብኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠና መጥበቅ ያለበት ፊደል ላልቶ ወጣ። ራሴ የጻፍኩትን መስመር ራሴ ዛቻ አድርጌ አነበብኩት። ኃላፊው ቀና ብለው አዩኝ።

«አዩ፣ መምህርት?» አሉ ቀስ ብለው።

አፈርኩ። እንደገና ላንብብ ለማለት እንኳ ፊት አጣሁ። ተስማማን፤ መስመሩ ከማስታወቂያውም ከመድረኩም ይወጣል፣ ዝግጅቱ ይቀጥላል። የዚያኑ ቀን በየግድግዳው እየዞርኩ በጥቁር ማርከር አጠፋሁት። ይሄም ሌላ ጣጣ ሆነ። ከጥቁሩ ሥር ምን ተጽፎ እንደነበር ያላነበበው ሁሉ ይጠይቅ ጀመር፤ የሚነገረውም መልስ ከእኔ መስመር የባሰ ነበር።

አርብ ወደ ገዳሙ ሄድኩ። ሴት ስለማትገባ ከውጭ ቆሜ የኔታን አስጠራሁ። በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡና ጉዳዩን አውቀው ኖሮ ፈገግ አሉ። የቅኔ ተማሪ ቢለው ኖሮ ባንድ ቃል ሁለት ነገር በማለቱ ይመሰገን ነበር ብለው አሾፉብኝ። እኔ ግን ለመሳቅ አልቻልኩም። እመጣለሁ አሉኝ፤ ቀጥለውም ሸሁ ይመጡ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ሸሁን በስልክ አገኘኋቸው። ልጆቻቸው ወሬውን ሰምተው አትሂድ ብለዋቸዋል። ዘመኑን ታውቂው የለ፣ እነሱም ፈርተው ነው አሉኝ። እለምንዎታለሁ ልል ስጀምር ቀደሙኝ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «አላህ ያግራው።»

ስልኩ ተዘጋ። እመጣለሁ አላሉም፣ እቀራለሁም አላሉም። የዚያን ቀን ምግብ አልበላሁም። እሳቸው ከቀሩ ሰዉ የሚያየው አንድ ባዶ ወንበርና አንድ የጠቆረ መስመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግጥሙ የምር ዛቻ ይሆናል፣ ጸሐፊውም እኔ ነኝ። አገር አስታርቃለሁ ብዬ ተነስቼ ሁለት ሽማግሌ ለያይቼ ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ሰው እንዲህ የመጣው ለግጥም ይሁን ለጥቁሩ መስመር አላውቅም። የኔታ ቀድመው መጥተው መድረኩ ላይ ካለው የእንጨት ጠረጴዛ ጀርባ ተቀመጡ። ከጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። ኃላፊው ከፊት ረድፍ ሆነው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ከዚያ ወንበሩን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። አንድ አባላችን አምባሰል እንዲያዜም አስነሳሁት። ሲጨርስ ድገም አልኩት። በሦስተኛው ዙር ሰው መሳቅ ጀመረ።

ያን ጊዜ በሩ ላይ ሸሁ ታዩ። ትልቋ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ፣ ፊቷን ቋጥራ ታስገባቸዋለች። ሮጬ ደረስኩ። የቀሩ መስሎኝ እንደነበር ስነግራቸው ገርሟቸው ቆም አሉ።

«ዙሁርን ሳልሰግድ ልምጣልሽ ኖሯል? ሰባት ሰዓት ብሎ ማን ይቀጥራል ልጄ?»

አንድነት አንድነት እያልኩ አንድ ደብተር ግጥም የሞላሁ ሴትዮ የሶላቱን ሰዓት ረስቼዋለሁ። ደግሞ አፈርኩ፤ የዚያ ሳምንት ኀፍረቴ ልክ አልነበረውም። የኔታ ከመቀመጫቸው ተነስተው ጠበቋቸው። ተሳሳሙ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጠሙ። ስንት ጊዜ ሆነን ተባባሉ፤ ሁለቱም ቁጥሩን አልተናገሩም። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ግጥሜን ማንበብ ጀመርኩ። «ሥጋው ቢለያይም ቆዳ አንድ ይላሉ» አልኩና ቆምኩ። ቀጥሎ ያለው መስመር ስለወጣ ቤቱ መምቻውን አጥቷል። ቃል ገብቻለሁ፣ ኃላፊው ፊት ለፊቴ ናቸው፣ አዳራሹ ሁሉ ምን እንደጎደለ ያውቃል። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ አላልቶ ቢጮኸውስ ብዬ ፈራሁ።

ሸሁ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። በመዳፋቸው አንዴ፣ ቆይተው ሁለቴ መቱት፤ ድቤ ሲመታ እንደሚመታው። እኔን አላዩኝም። የኔታን ነበር የሚያዩት። የኔታ ትንሽ አዳመጡና በመቋሚያቸው ጫፍ የጣውላውን ወለል መትተው መለሱላቸው። ሸሁ ፈጠን አደረጉ፣ የኔታም ተከተሉ። ያቺ ፊቷን የቋጠረች ልጅ ከሁሉ ቀድማ አጨበጨበች፤ ቀጥሎ አዳራሹ ተቀበለ። እኔ አሁንም በፍርሃት የኃላፊውን ፊት ነበር የማየው። ማስታወቂያውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የጠቆረውን ቦታ በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ።

መስመሩን ማንም አላነበበውም። ተመታ።